አይሮፕላን በተራራ መካከል ሲጠፋ

በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ የታሪክ ክፍል ተማሪዎች አንድ ጽሑፍ እንድናቀርብ አዘጋጆቹ ባሳሰቡን ጊዜ፣ ከመካከላችን የሚበዙት ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ለመጻፍ አስበው ነበር። ነገር ግን አንድ ቀን በትምህርት ሰዓት ስለ 1981 ዓ.ም. ክረምት ሲነሣ፣ ከጓደኞቻችን አንዱ «ያን የሚያህል አይሮፕላን እንዴት ይጠፋል? በግ ነው እንዴ?» ብሎ ቢጠይቅ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። መምህራችን ግን አልሳቁም። «ሳቃችሁን ትታችሁ መልሱን ፈልጉ» አሉን። የሚከተለው ፈልገን ያገኘነው ነው። ቀኑንና ዘመኑን ሁሉ ወደ እኛ አቆጣጠር መልሰነዋል፤ በዚህም ሥራ ሁለት ጊዜ ተሳስተን ሁለት ጊዜ እንዳረምን ሳንሸሽግ እንናገራለን።

በመጀመሪያ ነገሩ የተነሣበትን እንተርክ። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ አንዲት ትዊን ኦተር የምትባል ባለ ሁለት ሞተር ትንሽ አይሮፕላን ተነሣች። በውስጧ የነበሩት 16 ሰዎች ሲሆኑ አሜሪካውያንም ኢትዮጵያውያንም ነበሩባቸው። ከእነርሱም አንዱ የዩናይትድ ስቴትስ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት አባል የሆኑት ሚስተር ሚኪ ሌላንድ ነበሩ። እኒህ ሰው በቴክሳስ የሂዩስተን ከተማ ሕዝብ የመረጣቸው፣ በምክር ቤቱም ውስጥ ረኃብን የሚመለከተውን ልዩ ኮሚቴ በሊቀ መንበርነት የመሩ ናቸው። በ1977ቱ ረኃብ ጊዜ ለአገራችን እርዳታ እንዲሰጥ ከተሟገቱት አንዱ ሲሆኑ፣ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡም ያ የመጀመሪያቸው አልነበረም። በዚያን ዕለት የሚሄዱት በጋምቤላ በኩል ወዳለው የፉኝዶ የስደተኞች ሰፈር ነበር። በዚያ ሰፈር ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው በእግራቸው የመጡ፣ አባትና እናት የሌላቸው ወይም ከወላጆቻቸው የተለያዩ ብዙ ሺህ ልጆች ይኖሩ ነበር። ብዙዎቹ ከእኛ በዕድሜ ያነሱ ነበሩ።

አይሮፕላኗ ፉኝዶ አልደረሰችም።

ጊዜው ምን ዓይነት እንደ ነበረ ወላጆቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ከግንቦቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ገና ሦስት ወር አልሞላም። በደርግ መንግሥትና በአሜሪካ መካከል የነበረው ግንኙነት ከመሻከሩ የተነሣ በአዲስ አበባ የአሜሪካ አምባሳደር ከሌለ ዓመታት አልፈው ነበር። ይህም ሲሆን መንግሥት የአሜሪካ የጦር አይሮፕላኖችና ሄሊኮፕተሮች ገብተው ከኢትዮጵያውያን ጋር እንዲፈልጉ ፈቀደ። ፍለጋው ከአንድ ቀን ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ ሦስት እየተላለፈ ሄደ። የአንዱ ጓደኛችን አባት በዚያን ጊዜ ወጣት ነበሩና፣ በየማታው ሬዲዮ ዙሪያ የነበሩት ሰዎች «ዛሬስ ተገኙ?» እየተባባሉ ይጠይቁ እንደ ነበር አጫውተውናል። ስብርባሪው የተገኘው በሰባተኛው ቀን፣ ነሐሴ 7 ነው። አይሮፕላኗ በምዕራቡ ተራራማ አገር ከአንድ ተራራ ጐን ጋር ተጋጭታ ነበር። ከ16ቱ አንድም የተረፈ የለም። ሚስተር ሌላንድ ዕድሜያቸው 44 ነበር። ባለቤታቸው ነፍሰ ጡር ስለ ነበሩ በጥር 1982 ዓ.ም. መንታ ወንዶች ልጆች ወለዱ፤ ልጆቹም አባታቸውን በፎቶግራፍ ብቻ የሚያውቁ ሆኑ።

እንግዲህ የጓደኛችን ጥያቄ ይህ ነው። ሁለት መንግሥታት፣ ብዙ አይሮፕላንና ሄሊኮፕተር፣ ይህ ሁሉ ሲፈልግ አንዲት አይሮፕላን እንዴት ሰባት ቀን ትሸሸጋለች?

ካርታ ዘርግተን ስናየው መልሱ በከፊል ከፊታችን ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ጋምቤላ ደግሞ ወደ 500 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ሜዳ ነው። በመካከሉ ያለው አገር ሸንተረር፣ ገደልና ደን ነው። በነሐሴ ወር ያ አገር ሁሉ ደመና ይለብሳል። አብራሪው ከደመናው ወጥቶ መሬቱን ለማየት ዝቅ ቢል ተራራው እዚያው ደመና ውስጥ ቆሞ ይጠብቀዋል።

ሌላም ነገር አለ። በከፍታ ላይ አየር ስለሚሳሳ ክንፉም ሞተሩም ኃይላቸው ይቀንሳል። ነፋስ ደግሞ ተራራ ሲሻገር ወዲያኛው ወገን ላይ እንደ ፏፏቴ ወደ ታች ይወርዳል። ትልቁ የመንገደኛ አይሮፕላን ከዚህ ሁሉ በላይ ርቆ ይሄዳል፤ ትንሹ ግን መንገዱ እዚያው በተራሮቹ መካከል ነው። ወደ አንድ ጠባብ ሸለቆ ቢገባ፣ የሸለቆው ወለል አይሮፕላኑ ከሚወጣው ፈጥኖ ከፍ ይልበታል፤ ለመዞርም ቦታ አያገኝም። ከወደቀም በኋላ ብዙ ጊዜ እንደ ወደቀ አይቀመጥም። ይሰባበራል። ደን ይዘጋበታል፣ በረዶ ባለበት አገር በረዶ ይሸፍነዋል። የተሰባበረ ነጭ ብረት ከላይ ለሚያየው ድንጋይ ይመስላል፣ ወይም በዓለት ላይ የቆመ ውሃ። ከአውድማ ላይ የወደቀች አንዲት የጤፍ ፍሬ ፈልጉ ብንባል ምን እንደምንል እናስብ።

ስለዚህ ነገር ስናነብ ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው በአሜሪካ አገር የሆነ ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥም ሰፊውን ቦታ ብንሰጠው አንባቢ እንደማይቀየመን ተስፋ እናደርጋለን።

መጋቢት 2 ቀን 1959 ዓ.ም. አንዲት ሴስና 195 የምትባል ትንሽ አይሮፕላን ከኦሪገን ግዛት፣ ከፖርትላንድ ከተማ ተነሥታ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ አቀናች። የነበሩባት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አይሮፕላኗን የሚነዳው አባወራ፣ ሚስቱና የሚስቱ ልጅ። ልጅቱ የ16 ዓመት ልጅ ነበረች። ይህን ስናነብ እርስ በርሳችን ተያየን፤ የክፍላችን እኩሌታ 16 ዓመቱ ነውና። በሰሜን ካሊፎርኒያ፣ ትሪኒቲ በሚባለው ተራራማ አገር ክፉ የክረምት አየር አገኛቸው፤ አይሮፕላኗም በበረዶ ከተሸፈነ ተራራ ላይ ወደቀች። ሦስቱም አልሞቱም። ተጐድተው ነበር እንጂ በሕይወት ነበሩ።

አባትየው እርዳታ ላምጣ ብሎ በእግሩ ወጣ። አልተመለሰም። እናትና ልጅ በአይሮፕላኗ ውስጥ ቀሩ። ልጅቱ ማስታወሻ ትጽፍ ነበር፤ ስለዚህም ነው የእነርሱ ነገር ሊታወቅ የቻለው። ምግብ አልነበራቸውም፣ የሚጠጡት በረዶ ነበር። የሚፈልጓቸው አይሮፕላኖች ከደመናው በላይና ከሸንተረሩ ወዲያ ይመላለሱ ነበር። ቀኑ ሲበዛ ግን ፍለጋው ቆመ፤ በዚያ ብርድ ይህን ያህል ቀን የሚቆይ ሰው የለም ተብሎ ነው። በዚያ ሰዓት ግን እናትና ልጅ በሕይወት ነበሩ። ልጅቱ እስከ 54ኛው ቀን ድረስ ጽፋለች።

ፍለጋውን ያቆሙት ሰዎች ክፉዎች እንዳልነበሩ እናውቃለን። አይሮፕላንና ነዳጅ፣ ከሁሉም በላይ የፈላጊዎቹ ሕይወት ነበረባቸው፤ በዚያ አየር ተራራ ለተራራ የሚዞር አብራሪ እርሱም ሊወድቅ ይችላል። ይሁን እንጂ በክፍላችን ውስጥ በዚህ ጉዳይ ክርክር ተነሥቶ ደወሉ እስኪደወል አላለቀም። እኩሌታችን «አንድ ሳምንት ቢጨምሩ ምን ነበረበት?» አለ። እኩሌታችን ደግሞ «በየትኛው ተራራ ላይ?» ሲል መለሰ። የሁለተኛው ወገን አነጋገር ቢመርም የነገሩ ቁልፍ እርሱ ነው ብለን እናምናለን። ፈላጊዎቹ ያጡት ፈቃደኛነት ሳይሆን ቦታውን ነው። የሚያመለክታቸው ነገር አልነበረም።

አይሮፕላኗን በመስከረም 1960 ዓ.ም. ያገኟት አዳኞች ናቸው። አዳኞች ስንል አውሬ የሚያድኑ፣ በእግራቸው የሚሄዱ ሰዎች ማለታችን ነው። ከዚያም የልጅቱ ማስታወሻ በጋዜጣ ወጣና ሕዝቡ አነበበው።

በዚያን ጊዜ የአደጋ መጠቆሚያ ሬዲዮ የሚባል መሣሪያ ተፈልስፎ ነበር። ይህ መሣሪያ በራሱ ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሣጥን ነው። አይሮፕላኑ በኃይል ሲጋጭ መጋጨቱን ዐውቆ፣ ማንም ሳይነካው፣ ለአደጋ በተመደበው ሞገድ ላይ ጩኸት ማሰማት ይጀምራል። አብራሪው ቢሞት ወይም ራሱን ቢስት እርሱ ይጮኻል። ነገር ግን ገንዘብ ስለሚያስወጣ፣ ግዴታም ስላልነበረ፣ ብዙ ሰው አይገዛውም ነበር። ግዴታ ያደረገው ሕግ የወጣው ታኅሣሥ 20 ቀን 1963 ዓ.ም. ነው። ሕጉ የት እንደ ገባ ስናይ ተገረምን። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በዚያ ቀን የፈረሙት ስለ ፋብሪካ ሠራተኞች ደኅንነት የወጣ ትልቅ ሕግ ነው፤ ስለ አይሮፕላን የሚናገረው አንቀጽ በዚያ መካከል፣ በ31ኛው ክፍል ተሰክቶ ይገኛል። ነባሮቹ አይሮፕላኖች መሣሪያውን እንዲያስገቡ የሦስት ዓመት ጊዜ ተሰጣቸው።

በዚያ በሦስቱ ዓመት ውስጥ ደግሞ ሕጉን ያወጣው ምክር ቤት ራሱ ከአባሎቹ ሁለቱን አጣ። ጥቅምት 6 ቀን 1965 ዓ.ም. የምክር ቤቱ የብዙኃኑ ፓርቲ መሪ ሚስተር ሄል ቦግስና የአላስካው እንደራሴ ሚስተር ኒክ ቤጊች፣ ከአንድ ረዳትና ከአብራሪው ጋር በአንዲት ሴስና 310 ከአንኮሬጅ ወደ ጁኖ ሲሄዱ ጠፉ። በመንገዳቸው የነበረው የበረዶ ተራራና የበረዶ ግግር ነው። የአሜሪካ መንግሥት ያለውን ሁሉ አወጣ፤ ከፍ ብሎ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ፈጣኑ የስለላ አይሮፕላን እንኳ ተላከ። ለ39 ቀን ፈለጉ። ኅዳር 15 ቀን ፍለጋው ቆመ። አንዲት ቁራጭ ብረት እስከ ዛሬ አልተገኘችም። የአላስካ ሕዝብ በዚያው ጥቅምት ወር በተደረገው ምርጫ ሚስተር ቤጊችን ጠፍተው ሳለ መረጣቸው።

የአብራሪው የአደጋ ሬዲዮስ? ነበረው። ከተሳፈሩበት አይሮፕላን ውስጥ ግን አልነበረም፤ በፌርባንክስ ከተማ በሌላ አይሮፕላን ውስጥ ተቀምጦ ተገኘ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። ሚስተር ቦግስ ከጠፉ በኋላ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሊንዲ ቦግስ በባላቸው ወንበር ተመርጠው እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ በምክር ቤቱ ቆይተዋል። ስለዚህ በነሐሴ 1981 ዓ.ም. የሚስተር ሌላንድ አይሮፕላን በኢትዮጵያ ተራሮች ጠፋች የሚል ወሬ በዋሽንግተን ሲሰማ፣ በዚያው ምክር ቤት ባላቸውን እንዲሁ ያጡ ሴት ተቀምጠው ነበር። በዚያን ሳምንት ምን እንዳሰቡ የሚናገር ጽሑፍ አላገኘንም፤ ግን ስለ እርሳቸው ብዙ ተነጋገርን።

የሆነ ሆኖ ሬዲዮው ብቻውን አልበቃም። ጩኸቱን የሚሰማ ሰው ያስፈልጋል። ሞገዱ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ተራራ ይጋርደዋል፤ በሸለቆ ውስጥ የሚጮኽ ሬዲዮ የሚሰማው ልክ በላዩ ለሚያልፍ አይሮፕላን ነው። ታዲያ ሁልጊዜ በሁሉም ተራራ ላይ የሚያልፍ ምን አለ? ይህን ጥያቄ የመለሱት መንግሥታት እርስ በርሳቸው ሚሳይል ደቅነው የቆሙ ነበሩ። አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረት፣ ካናዳና ፈረንሳይ ተስማምተው፣ ጩኸቱን ከሰማይ የሚሰሙ ሳተላይቶች ለማቆም ወሰኑ። የመጀመሪያዋን ሳተላይት ሶቪየቶች ሰኔ 23 ቀን 1974 ዓ.ም. አመጠቁ። ሳተላይቷ ቦታውን የምታውቅበት ዘዴ በፊዚክስ ትምህርታችን ያለ ነው። መኪና ጥሩምባ እየነፋ ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፣ አልፎ ሲሄድ ይወፍራል። ሳተላይቷም በላዩ ስታልፍ የሬዲዮው ሞገድ እንዲሁ ይለወጥባታል፤ ከለውጡ ተነሥቶ ጩኸቱ ከየት እንደ መጣ ይሰላል።

ከመጠቀች ሦስት ወር ሳይሞላት፣ በጳጉሜን 1974 ዓ.ም.፣ በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ተራሮች አንዲት ትንሽ አይሮፕላን ወደቀች። በውስጧ የነበሩት ሦስት ሰዎች እነርሱ ራሳቸው ሌላ የጠፋ ትንሽ አይሮፕላን ለመፈለግ የወጡ ነበሩ። ሳተላይቷ ጩኸታቸውን ሰማች፤ ቦታው ታወቀ፤ ሦስቱም ከነሕይወታቸው ወጡ። በዚህ መንገድ ከዳኑት ሁሉ የመጀመሪያዎቹ እነዚህ ሲሆኑ፣ ከዚያ ወዲህ በየብስም በባሕርም የዳኑት በብዙ ሺህ ይቆጠራሉ። ስናነብ ያ የትሪኒቲው 54 ቀን ትዝ አለን። በመካከሉ ያለው 15 ዓመት ብቻ ነው።

ይህን ስንል ግን ነገሩ ሁሉ ተፈጸመ ማለታችን አይደለም። አሮጌዎቹ ሬዲዮዎች ምንም ሳይሆኑ መጮኽ ያበዙ ነበር፤ የሚደርሰው ጥሪ አብዛኛው ውሸት ሆኖ ፈላጊዎችን ያደክም ነበር። አንዳንዴ ደግሞ በእውነተኛው አደጋ ጊዜ አንቴናው ይሰበራል፣ ወይም መሣሪያው ራሱ ይደቃል። ከጥር 24 ቀን 2001 ዓ.ም. ጀምሮ ሳተላይቶቹ የአሮጌውን ሞገድ ጩኸት መቀበል አቁመው፣ የማን አይሮፕላን እንደ ሆነ ጨምሮ የሚናገረውን አዲሱን ብቻ ይሰማሉ።

በዚያው በሽግግሩ ዘመን የዓለም ዝነኛ በራሪ የነበሩት ሚስተር ስቲቭ ፎሴት ጠፉ። በፊኛ ብቻቸውን ዓለምን በመዞር የመጀመሪያው ሰው ናቸው። ነሐሴ 28 ቀን 1999 ዓ.ም. ጧት በኔቫዳ ግዛት ከአንድ የግል ሜዳ በትንሽ አይሮፕላን ለሽርሽር ተነሡ፤ ሳይመለሱ ቀሩ። የአደጋ ጩኸት አልተሰማም። 50,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል አገር ተፈለገ። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በየቤታቸው ተቀምጠው የሳተላይት ፎቶግራፍ በኮምፒዩተር ይመረምሩ ነበር። በፍለጋው መካከል የሌሎች፣ ከብዙ ዓመት በፊት የወደቁ አይሮፕላኖች ስብርባሪ ታየ፤ የእርሳቸው ግን አልታየም። ከዓመት በኋላ፣ በመስከረም 2001 ዓ.ም.፣ በካሊፎርኒያ የሴራ ኔቫዳ ተራሮች በእግሩ የሚጓዝ አንድ ሰው የእርሳቸው ስም ያለበት መታወቂያና ጥቂት የብር ኖት መሬት ላይ አገኘ። ከሁለት ቀን በኋላ ስብርባሪው በዚያው አቅራቢያ፣ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ተገኘ። መርማሪዎች የሰጡት ምክንያት አስቀድመን የጻፍነው ነው፤ ከተራራው ወደ ታች የሚወርደው ነፋስ አይሮፕላኑ ለመውጣት ካለው ኃይል በልጦ ነበር።

ከመጻፋችን በፊት አንድ ቅዳሜ ከትምህርት ቤታችን በላይ ወዳለው ተራራ ወጥተን ነበር። ሁለት ሜትር የሚሆን ነጭ አቡጀዲ ይዘን፣ ሦስታችን ከዛፎቹ መካከል ዘርግተነው ከአጠገቡ ሄድን፤ የቀሩት ስምንታችን ቦታው ሳይነገረን ከማዶው ሸንተረር ላይ ሆነን በተበደርነው የርቀት መነጽር ፈለግን። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈለግን። አንዱ አየሁት ብሎ ሲጮኽ ድንጋይ ሆኖ ተገኘ፤ ሌላይቱ አየሁት ስትል ነጭ ፍየል ነበረች፣ ተነሥታ ሄደች። ሲመሽ ጨርቁን የዘረጉት ሦስቱ ራሳቸው ተመልሰው ሊያነሡት ቢሄዱ ቦታውን አጡት። አንድ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ነው በመጨረሻ አጣጥፎ በብብቱ ይዞ የመጣው። «የማን ነው? ከላይ ከዋርካው ሥር ወድቆ አገኘሁት» አለ።